ታድግበታለች ያልኩት ሳይክል

የልጅ ልጆቼ «አኮ፣ ያንን የሳይክሉን ነገር ንገሪን» ባሉኝ ቁጥር እሺ ብዬ እጀምራለሁ። መሃል ላይ ወሬው ይሄድብኛል። ስለ ኡኬ ማንጎ፣ ስለ አንገር ሙቀት፣ ስለ ሞተችብኝ ላም ሳወራ ልጆቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ይሄዳሉ። በቀደም ዕለት ግን ደብተርና እስክሪብቶ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና «አኮ፣ ስታወሪ ትጠፊያለሽ፤ ጻፊውና እናንብበው» አሉኝ። እንግዲህ ጻፍኩላችሁ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው። መስመሩ ቢንጋደድባችሁ ታገሡኝ።

አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በሠፈራው ጊዜ አንገር ጉቲን የወረድኩት ገና ወጣት ሚስት ሆኜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገሬ ወለጋ ሆነ። ባሌ ሲሞት ልጆቼ አድገው ተበታትነው ነበር። ወንዱ አንገር ጉቲን ያርሳል፤ ትልቋ አስካለ ነቀምቴ ገመቹ የሚባል የኦሮሞ ልጅ አግብታለች፤ ትንሿ አኖ ከተማ ነው የምትኖረው። እኔም አንዱ ቤት ሦስት ሳምንት ከቆየሁ እግሬ ይበላኛል። ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። የመኪና ረዳቶቹ ሁሉ ያውቁኛል። «የአኖ ነሽ የአንገር ዛሬ?» ይሉኛል ገና ከሩቅ ሲያዩኝ።

ያን ጊዜ አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ። ዕቃ መምረጥ። ጥጃም ሆነ ጋቢ፣ ድስትም ሆነ የበር ቁልፍ፣ ሰው ሊገዛ ሲል «እስቲ አብረሽኝ ነይ» ይለኛል። ደግሞ ለልጅ ሲሆን አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ሰፋ አድርጎ መግዛት ነው። የአስካለን የመጀመሪያ ጫማ ስገዛ ጣቷ ጋ ጨርቅ ጎስጉሼ ነው ያጫማኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከርሞላታል። የትምህርት ቤት ልብሳቸው እጅጌው ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ በየዓመቱ አንድ አንድ እጥፍ እፈታለሁ። «ያድጉበታል» እላለሁ። ማን ያላለ አለ? እናንተም ብላችኋል።

አሁን ወደ ለሊሴ ልምጣ።

ለሊሴ የአስካለ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከጎረቤት ልጅ እየተዋሰች ሳይክል መንዳት ለመደች። አንድ ቀን ጫልቱ የምትባል አሰልጣኝ መንገድ ላይ አየቻት። ጫልቱ ራሷ ድሮ ተወዳዳሪ የነበረች፣ ቀጭን፣ ምላሷ ፈጠን ያለ ሴት ናት። ልጃገረዶች ሰብስባ ታሠለጥናለች። «ቅዳሜ ስድስት ልጆች እፈትናለሁ። ከነቀምቴ ኡኬ ደርሶ መልስ ነው። የራስሽን ኮርስ ይዘሽ ነይ» አለቻት። ኮርስ የሚሉት ያንን መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘውን፣ ጎማው ቀጭን የሆነውን የውድድር ሳይክል ነው።

ልጅቷ ለእናቷ እንኳን ለመናገር ፈርታ ሦስት ቀን አፏን ዘግታ ከረመች። በኋላ ለእኔ በስልክ ነገረችኝ። እንደዚያ የፈለገችው ነገር ኖሮ አያውቅም። አንገር ያለችኝን ጊደር ሸጥኩና ረቡዕ ነቀምቴ ገባሁ። «መርጬ የምገዛልሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሳይክል ሻጩ ነስሩ ይባላል። ከጉራጌ አገር ልጅ ሆኖ መጥቶ ነቀምቴ የከበረ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ አጥርቶ የሚናገር ሰው ነው።

«አካም ነስሩ!» አልኩት በኦሮምኛ፤ እንደምነህ ማለት ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ እማማ! ምን ይዘውልን መጡ?»

«ለዚች ልጅ ኮርስ ልመርጥ ነው። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ጠንካራ ይሁን።»

ሁለት አወጣ። አንዱ ቀይ ነው፤ ትንሽ ነው። አንዱ ሰማያዊ፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ። ዓይኔ ሰማያዊው ላይ አረፈ።

«ዋጋቸውስ?»

«እኩል ነው።»

«እኩል? ይሄኛው በዚያኛው ላይ ስንት ስንዝር ብረት ይበልጠዋል፤ እንዴት ሆኖ ነው እኩል የሚሆነው?»

ነስሩ ሳቀ። «እማማ፣ ሳይክል በብረቱ ብዛት አይሸጥም እኮ። በልክ ነው የሚሸጠው። ሰማያዊው የረጅም ወንድ ልክ ነው። እኔ እንኳን ብወጣበት እግሬ ይንጠለጠላል።»

«አንተማ ድሮም አጭር ነህ።»

ለሊሴ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ነስሩም ሳቀና ወደ እሷ ዞሮ ዕድሜዋን ጠየቃት። አሥራ ሰባት ስትለው «እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ብታድግ ጣት ታህል ነው» አለኝ።

«አባቷን አላየኸውም? ገመቹ በር ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው። ታድግበታለች።»

በልቤ የማስበው ሌላ ነበር። ይሄ ሰው ትልቁን ለሌላ ሰው ሊያስቀርና ትንሹን በትልቁ ዋጋ ሊያሸክመኝ ነው ብዬ ነው። ስንት ዓመት ገበያ የዋለች ሴት በዚህ ትታለላለች እንዴ!

ነስሩ የሰማያዊውን ኮርቻ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገና ለሊሴን አወጣት። ሲያቆማት በእግሯ ጣቶች ነው መሬቱን የነካችው። እጆቿን ወደ መሪው ዘረጋች። ጠየቅኋት።

«አልጠበበሽም?»

አየችኝ። ከዚያ ሳይክሉን አየች፣ ከዚያ መሬቱን።

«ጥሩ ነው አኮ» አለችኝ።

እስቲ አስቡት። ጠቧት እንደሆነ ጠየቅሁ እንጂ ሰፍቷት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰፋ ማለት በእኔ ቤት ስህተት አልነበረማ። ነስሩ አንድ ጊዜ አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ ልጅቷ ጥሩ ነው ካለች ምን ይበል? ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጥሬ አነበብኩትና «እኔ ገዝቼ መልሼ አላውቅም» ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስና ዓርብ ለሊሴ ሠፈር ውስጥ ስትለማመድ ዋለች። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ፔዳሉን ስትረግጥ እግሯ እንዲደርስ ወገቧ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እንደ ዳክዬ። ክንዷ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ከሳይክሉ ስትወርድ አንገቷን ታሸዋለች። ዓርብ ማታ ራት ላይ የውኃ ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ።

አስካለ «እማዬ፣ ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ?» አለችኝ።

«ተያት። አዲስ ነገር ነው፤ ሰውነቷ እስኪለምድ ነው» አልኳት።

ለሊሴ የብርጭቆውን ስባሪ እየለቀመች ነበር። እሷም «አዎ፣ እስክለምድ ነው» አለች። ስትለቅም ጣቶቿ ስባሪውን በደንብ እንደማይዙት አየሁ። አየሁና ዝም አልኩ። ዓይቼ ያለፍኩት ይሄ ነው ዛሬም የሚቆረቁረኝ።

ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ ቀድሜ ኡኬ ገባሁ። ሙዝና የተቀቀለ ዕንቁላል በዘንቢሌ ይዣለሁ። አንዲት ማንጎ የምትሸጥ ሴት ከጎኗ ድንጋይ ሰጠችኝና ተቀመጥኩ። ጫልቱ ሞተር ብስክሌቷን አቁማ፣ ደብተር ይዛ መንገዱ ዳር ቆማለች። ልጆቹ እዚህ ደርሰው፣ ስማቸው ተጽፎ፣ ዞረው ነው የሚመለሱት።

የመጀመሪያዋ መጣች። ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋ ሳይነቃነቅ፣ ሽው ብላ። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ተከታትለው መጡ። «የእኔ ልጅ ሰማያዊ ነው የምትነዳው» አልኳት ለማንጎ ሻጯ፤ ሦስት ጊዜ ያህል ነገርኳት መሰለኝ። አራተኛዋ ቆይታ መጣች። አምስተኛዋ ደግሞ ከእሷ በኋላ እያለከለከች መጣችና ውኃ ጠየቀች።

«የኔ ልጅ፣ ለሊሴስ?» አልኳት።

«ከኋላዬ ነበረች አኮ። ዳገቱ ላይ አብረን ነበርን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን…» አለችና ወደ ኋላዋ አየች። «አሁን ትመጣለች።»

አልመጣችም።

መንገዱን እያየሁ ቀረሁ። አንድ የጭነት መኪና ወጣ። አንድ ባጃጅ ወጣ። እያንዳንዱ ነገር ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ሰማያዊ መስሎ ይታየኛል። ማንጎ ሻጯ «ይጠጡ» ብላ ውኃ ሰጠችኝ፤ ይዤው ቀረሁ እንጂ አልጠጣሁትም። ጫልቱ ደብተሯን ዘጋች።

«ስድስተኛዋ የእርስዎ ናት ሃርሜ?» አለችኝ። ሃርሜ እናቴ እንደማለት ነው።

«የልጄ ልጅ ናት።»

«ሄጄ ልያት።»

«ውሰጂኝ።»

«በሞተር?»

«በሞተር።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩና ዘንቢሌን በክንዴ አንጠልጥዬ ጫልቱን ከኋላ ታቅፌ ተነሣን። ከኋላችን ማንጎ ሻጯ እልል አለች፤ ሠርግ መስሏት ይሁን ልታደፋፍረኝ እንጃ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አምላኬን እለምን ነበር። ልጅቷን ብቻ ስጠኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም እል ነበር።

ጫልቱ ስትቆም ዓይኔን ገለጥኩ። መንገዱ ላይ ከሰል ተበትኗል። ሁለት አህዮች ዳር ይዘው ሣር ይግጣሉ፤ አንድ ሽማግሌ ጆንያውን መልሶ ያስራል። ሰማያዊው ሳይክል ቦዩ ውስጥ ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ተኝቷል። ለሊሴ አንዲት ትንሽ ድልድይ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ክርኗና ጉልበቷ ደም ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው።

ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ያለችው ምን መሰላችሁ?

«ደህና ነኝ አኮ።»

ሽማግሌው በኦሮምኛ ነገረን። ልጅቷ ቁልቁለቱን ስትመጣ አህዮቹ መንገድ እያቋረጡ ነበር። ጮኸች፤ ግን አላቆመችም። ልትገጨው አንድ እርምጃ ሲቀር ራሷ መሪውን ጠምዝዛ ቦዩ ውስጥ ገባች። «እኔን ትታ ራሷን ጣለች» አለ ሽማግሌው፤ ከሰሉ ስለተበተነበት እንኳን አልተቆጣም።

ጫልቱ ቁስሏን አገላብጣ አየች። የተሰበረ የለም። ከዚያ ሳይክሉን ከቦዩ አውጥታ አቆመችና «ውጪበት» አለቻት። ለሊሴ ወጣች። «ፍሬኑን ያዢ።» ለሊሴ እጇን ዘረጋች። የጣቶቿ ጫፍ የፍሬኑን ብረት ዳሰሰ እንጂ አልጨበጠውም። ደግሞ ሞከረች። ጣቶቿ ደንዝዘው አንሸራተቱ።

«ይሄን ሳይክል ማነው የመረጠልሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ለሊሴ። ቶሎ ነው ያለችው፤ እኔ ትንፋሽ እንኳን ሳልስብ።

«አንገትሽን አላመመሽም?»

«ትንሽ።»

«እጅሽስ? ሲደነዝዝ አልተሰማሽም?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ለሊሴ የክርኗን ደም በመዳፏ ጠረገች። ጫልቱ ሳይክሉን ሣሩ ላይ አስተኛችው።

«ስሚኝ። እኛ ስንነዳ አንዷ ከሌላዋ ጎማ ኋላ በዚህ ርቀት ነው የምንሄደው» አለችና ክንዷን አሳየቻት። «አንዷ ስትወድቅ ሁሉም ይወድቃል። ሳይክል የሌላትን ልጅ ልጠብቃት እችላለሁ። ጉልበት የሌላትንም አሠለጥናታለሁ። ሰውነቷ የሚነግራትን የምትደብቀውን ግን ምን ላድርጋት? ወደ ቤትሽ ግቢ።»

ለሊሴ አላለቀሰችም። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ እንደ መብራት ጠፋ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ዝም ማለት እችል ነበር። ልጅቷ ጥፋቱን ወስዳልኛለች። ሽማግሌው አለ፣ መንገደኛ ቆሞ ያያል። የልጅ እናት፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ ምርጫዋ የተመሰገነ፣ በልጄ ዕድሜ ካለች ሴት ፊት ቆማ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ትላለች? ለሊሴ አንገቷን ወደ እኔ እንኳን እንዳታዞር ተጠንቅቃለች፤ እንዳያስታውቅብኝ። ያ ጥንቃቄዋ ነው ልቤን የቆረጠው።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የመረጥኩት። ነጋዴው የረጅም ወንድ ልክ ነው ብሎኝ ነበር፤ ሊያታልለኝ መሰለኝ። ታድግበታለች አልኩ። እሷን ጠቧት እንደሆነ እንጂ ሰፍቷት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቷን ስታሽ አይቻለሁ። ብርጭቆ ከእጇ ሲወድቅ አይቻለሁ። ይለምድላታል አልኩ። እኔን ላለማሳፈር ነው ዝም ያለችው። ቅጪ ካልሽ እኔን ቅጪኝ።»

ጫልቱ ሄዳ ሞተሯን አስነሣች፣ አጠፋችው፣ ደግሞ ተመለሰች።

«ማክሰኞ ጠዋት እንደገና አያታለሁ» አለች። «ልኳ የሆነ ይዛ ትምጣ። ግን ሃርሜ፣ እርስዎ አይደሉም የሚመርጡት። እሷ ናት።»

እዚያው ድልድዩ ላይ ቁጭ ብላ ነገረችን። የሳይክሉን ዋና አካል፣ ጎማዎቹንና መሪውን የሚያያይዘውን ብረት፣ ቴላዮ ይሉታል። ሌላው ሁሉ ይቀየራል፤ ቴላዮው ልክ ካልሆነ ግን ምንም ብትለዋውጡ አይድንም አለች። ሳይክሉን በሁለት እግሯ መሃል አድርጋ ስትቆም ሙሉ እግሯ መሬት ይርገጥ፤ በብረቱና በእሷ መሃል የአራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ወደ ታች ስታደርሰው ጉልበቷ ይዘርጋ፤ ወገቧ ግን አይዘንበል። መሪውን ስትይዝ ክርኗ ትንሽ ይታጠፍ፤ የጎረቤት በር እንደምታንኳኳ እንጂ ከወንዝ ማዶ ሰው እንደምትጠራ አይሁን። «ከሁሉ በላይ ደግሞ» አለች ለሊሴን እያየች፣ «ሲያምሽ አመመኝ በይ።»

ሰኞ ጠዋት ሰማያዊውን እየገፋን ከለሊሴ ጋር ነስሩ ዘንድ ሄድን። ክርኗ ላይ የታሠረውን ፋሻ ሲያይ «ያ አላህ!» አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አላነሣብኝም። ቀዩን አመጣና አቆመላት። ወጣችበት። እኔ ፊቷ ቆሜ ጫልቱ ያለችውን አንድ በአንድ አየሁ። እግሯ መሬት ረግጧል፤ ክፍተቱም አለ። ደስ አለኝ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው አኮ።»

ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ዓይኗም እንደዚያ ቀን ከእኔ ወደ ሳይክሉ፣ ከሳይክሉ ወደ መሬት ወረደ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይቺ ልጅ እኔ ፊቷ እስከቆምኩ ድረስ ለማንኛውም ነገር ጥሩ ነው ትላለች። በሬ ላይ ባስቀምጣት ጥሩ ነው ትላለች። ያሳደግናት እንደዚያ ነው። ስጦታ የሚሰጥሽ ሰው ፊት ልክሽን አትለኪም ብለን።

«እኔ ውጪ ነኝ» አልኩ። «ስትጨርሺ ጥሪኝ። ከነስሩ ጋ ተነጋገሩ።»

«እማማ ዕቃ ሳይመርጡ ሱቅ ለቀው ሲወጡ ዛሬ አየሁ!» አለ ነስሩ።

ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እንዲያ ብዬ ቆሜ አላውቅም። እጄ ሥራ አጣ። ውስጥ ብረት ሲንኳኳ፣ ነስሩ ሲያወራ ይሰማኛል። የለሊሴ ድምፅ ግን አይሰማም። ብዙ ቆየሁ። ልግባ ብዬ አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር።

«ለኪ» የሚል ሰማሁ።

ለኪ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ነስሩ የሆነ ነገር አላት። «ለኪ፣ ነስሩ» አለች ደግሞ፣ አሁን ጮክ ብላ። «ጉልበቴ መሪው ጋ እየደረሰ ነው። ይሄ የትንሽ ልጅ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ የለኝም።»

«ያ ከላይ የተሰቀለውስ?»

«እሱማ ቴላዮ ብቻ ነው። ቀለሙ ረግፏል፣ ጎማ የለው፣ መሪ የለው።»

«አውርደው።»

አውርደው! የእኔ ለሊሴ ናት እንዲህ የምታዘው። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ፤ ሳቁ ደግሞ ወደ እንባ ሄደብኝ። አንድ የለውዝ ሻጭ «ምን ሆኑ እናቴ?» አለኝ። «ልጅ ወለድኩ» አልኩት።

ነስሩ አወረደው። አመድማ፣ የተፋፋቀ ብረት ነው። ለካ የኮርስ ጎማ በትልቁም በትንሹም ቴላዮ ላይ አንድ ነው። ከሰማያዊው ላይ ጎማውን፣ ካቴና የሚሉትን ሰንሰለት፣ ፍሬኑን ፈትቶ ወደ አመድማው አዛወረው፤ የሰማያዊውን ቴላዮ ለራሱ አስቀረ። ቀን እስኪጋመስ ድረስ ሲፈታና ሲያጠብቅ ዋለ። ከዚያ ጭቅጭቁ ተጀመረ።

«መሪው ራቀኝ።» መሪውን የሚይዘውን አንገት በአጭር ቀየረላት።

«ኮርቻው ከፍ ይበል። … በዛ። … ትንሽ ዝቅ። … አሁን ወደፊት ገፋ በልልኝ።»

«እማማ!» ብሎ ጮኸ ነስሩ። «ኧረ ይግቡና ያስቁሙልኝ!»

«አልገባም!»

በመጨረሻ ራሷ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ግንባሯ ላይ ቅባት ተለድፏል።

«አኮ፣ ነይ። ይሄ ነው።»

ጥሩ ነው አላለችም። ይሄ ነው አለች። ስለ ቀለሙ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አስፋልቱ ላይ ወጥታ ሄዳ ተመለሰች። ወገቧ አልተወዛወዘም። ክርኗ ላላ ብሏል። ጣቶቿ ፍሬኑን እንደ ሰው እጅ ጨብጠውታል። ስትመጣ እያወራችኝ ነው የምትመጣው፤ በሰማያዊው ላይ ሳለች አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር።

ማክሰኞ ከሌሎቹ ጋር ኡኬ ደርሳ ተመለሰች። አልቀደመችም። ሦስተኛ ነበረች። ጫልቱ «አንገትሽስ?» ስትላት «ቀኝ ትከሻዬ ትንሽ ይዞኛል፣ ኮርቻውን ማስተካከል አለብኝ» አለች። ጫልቱም ደብተሯን አውጥታ ስሟን ጻፈች።

ለሊሴ አምስት ዓመት ተወዳደረች። ዛሬ አኖ ታስተምራለች፤ ተማሪ ቤት የምትሄደውም በዚያው በአመድማው ነው።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ለልጃችሁ ሳይክል ለመግዛት የምታስቡ ብትኖሩ የምላችሁ አለ። ቀለሙን አትዩ፤ ብረቱ በዛ አነሰም አትበሉ። የሚነዳው ልጅ ይውጣበት፤ ከቻላችሁ ሰፈሩን ዞሮ ይምጣ። ሲመለስ «ደስ አለህ?» አትበሉት። «የት ጋ ያምሃል?» በሉት። ከዚያ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ።

እኔን የቀየረኝ ግን የሳይክሉ ነገር ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ስዳር አክስቴ ለአማቼ ቤት ሰዎች የተናገረችው ትዝ አለኝ። ማሰሮው ይከብደኝ ነበር፣ ባሌ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር፣ ቤቱ ሰፊ ነበር። «ግድ የላችሁም፣ ታድግበታለች» ነበር ያለችው። አደግሁበት። ግን አመመኝ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚኖር መስሎኝ ለልጆቼ አወረስኳቸው። ከዚያ ሰኞ በኋላ ነው፣ እግሬ ቢበላኝም አንዱ ልጄ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ የተለወጠው። ድሮ «ደህና ናችሁ?» እል ነበር። አሁን «ምን ከበዳችሁ?» እላለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ። ቆይተው ይናገራሉ።

ጫልቱን ከብዙ ዓመት በኋላ አኖ፣ መኪና ስንጠብቅ አገኘኋት። ሻይ ጠጣን። ጉልበቷን እያሸች ነበርና ምን እንደሆነች ጠየቅኋት። እሷም ስትወዳደር የነበረችው አባቷ ከሩቅ አገር ተሸክሞ ባመጣላት ሳይክል ነበር። አንድ ክንድ ይበልጣት ነበር። ሦስት ዓመት በዚያ ነዳችና ጉልበቷ ተበላሸ። ውድድሩን ስትተው ምክንያቱን አልነገረችውም። አባቷ እሷ ሰንፋ የተወችው መስሎት፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እንደዚያ እያለ ኖሮ፣ እውነቱን ሳያውቅ ሞተ።